ከጣና ጉማሬ እስከ ፋዩም በረሃ፦ የዓሣ ነባሪዎችን ሙዚየም ለሚጎበኝ የጎጃም ሰው

ከካይሮ በስተ ደቡብ ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በፋዩም ግዛት በረሃ ውስጥ፣ ዋዲ አል-ሒታን የሚባል ሥፍራ አለ። ዛሬ አሸዋና ቋጥኝ ብቻ የሚታይበት ይህ ቦታ ከ40 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ባሕር ስለ ነበረ፣ የጥንት ዓሣ ነባሪዎች አጽም በብዛት ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ በ2016 ደግሞ ሙዚየም ተከፍቶበታል። ከጎጃም ተነሥቶ ይህንን ለማየት የሚያስብ ሰው ግን ጉብኝቱን ከካይሮ ሳይሆን ከባሕር ዳር ቢጀምር ይጠቀማል እላለሁ፤ ያለዚህ ዝግጅት የሚያየው የአጥንት ክምር ብቻ ይሆንበታል።

ዛሬ በሕይወት ካሉ እንስሳት ሁሉ ለዓሣ ነባሪ በዝምድና የሚቀርበው ጉማሬ ነው። ስለዚህ ከጉዞው በፊት አንድ ቀን ማለዳ በጀልባ ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት ይሂዱ። ጉማሬው ብቅ ሲል ዓይኑ፣ ጆሮውና የአፍንጫው ቀዳዳ ከራሱ በላይኛው በኩል መሆናቸውን፣ ለመተንፈስም የግድ ወደ ላይ መውጣቱን ልብ ይበሉ። ጉማሬ ውሃ ውስጥ ይወልዳል፤ ግልገሉንም እዚያው ያጠባል፤ ዓሣ ነባሪም እንዲሁ። ምን ያህል መቅረብ እንደሚቻል ግን የሚወስነው ባለ ጀልባው ይሁን፤ ጉማሬ ሰው የሚገድል እንስሳ ነው፣ በተለይ ግልገል ሲኖራት።

ሌላው ዝግጅት ከበዓል በግ ይገኛል። ከኋላ እግሩ የቁርጭምጭሚቱን አጥንት አውጥተው ቢያጥቡት፣ ላይኛውም ታችኛውም ጫፉ እንደ መዘውር ተቦርቡሮ ያገኙታል። በሬም፣ ፍየልም፣ ጉማሬም ይህ ዓይነት አጥንት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ በሆኑ ግኝቶች፣ በፓኪስታን የተገኙ እግር የነበራቸው እጅግ ጥንታዊ ዓሣ ነባሪዎች ይህንኑ አጥንት ይዘው በመገኘታቸው ተመራማሪዎች ዝምድናውን ከአጥንትም ሊያረጋግጡ ችለዋል። ልጆች ይዘው የሚሄዱ ከሆነ አጥንቱን አስቀድመው ያሳዩአቸው።

ወደ አዲስ አበባ በመኪና የሚወርድ ሰው ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ ሲወርድ በገደሉ ላይ የተነባበረውን የኖራ ድንጋይ ይመልከት። ይህ ድንጋይ ዓሣ ነባሪ ከመፈጠሩ ብዙ ዘመን አስቀድሞ፣ በዳይኖሰሮች ዘመን፣ ባሕር እዚህም ደርሶ በነበረበት ጊዜ የተከማቸ ነው።

ለጉዞው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው የፋዩም ሙቀት ከባድ ነው። የቪዛውን ጉዳይ አስቀድሞ ከኤምባሲው ማጣራት፣ ከካይሮ በረሃውን የሚያውቅ ሾፌር መያዝ፣ ውሃና ባርኔጣ አለመርሳት ይበቃል። በመንገድ የሚታየው የፋዩም ልምላሜ ከዓባይ በሚጠለፈው የዮሴፍ ቦይ የሚጠጣ ስለ ሆነ፣ የጣና ልጅ በዚያ ባዕድነት ላይሰማው ይችላል።

ሙዚየሙ ውስጥ ዋናው ነገር ባሲሎሳውረስ የተባለው ጥንታዊ ዓሣ ነባሪ 18 ሜትር የሚረዝም አጽም ነው። አብዛኛው ጎብኚ ጭንቅላቱ ጋ ይቆማል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ወደ ኋላ ሄደው ትንንሾቹን የኋላ እግሮች እንዲፈልጉ እመክራለሁ። ለዚያ ሁሉ ሰውነት ይህን የሚያህሉ እግሮች መራመጃ ሊሆኑ አይችሉም፤ ነገር ግን ጉልበትም ጣትም አላቸው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ፊሊፕ ጊንገሪች ከባልደረቦቹ ጋር ያገኛቸው በዚሁ በረሃ ነው፤ ግኝቱም እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል። ከዚያ ወደ ጥርሱ ይምጡ፦ የፊተኛው ሾጣጣና የሚይዝ፣ የኋለኛው ሰፊና ባለ መጋዝ ጠርዝ ነው። የአፍንጫው ቀዳዳ ደግሞ ገና በአፉና በግንባሩ መካከል ነው፤ በዛሬዎቹ ዓሣ ነባሪዎች ወደ ራስ ቅል አናት ሸሽቷል። ልጆች ዮናስን የዋጠው ይህ ነው ወይ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ ይህ እንስሳ የሰው ልጅ ሳይኖር የጠፋ ነው ብሎ መመለስ ይበቃል።

ከሙዚየሙ ሲወጡ በረሃው ራሱ ሁለተኛው አዳራሽ ነው። በተዘጋጀው የእግር መንገድ ዳር አጽሞቹ በተገኙበት ሥፍራ ተኝተዋል፤ ከእነርሱም ውስጥ አምስት ሜትር ያህል የሚረዝመው ዶሩዶን የተባለ አነስተኛ ጥንታዊ ዓሣ ነባሪ ይገኛል፤ ግልገሎቹ የባሲሎሳውረስ ምግብ እንደ ነበሩ የጥርስ ምልክት ያለባቸው የራስ ቅሎች መስክረዋል። በባሕር ዳርቻ የሚበቅሉ ዛፎች ሥርም ወደ ድንጋይነት ተለውጦ ይታያል። ፀሐይ ሳይበረታ ይህንን ክፍል መጨረስ ይሻላል፤ ከመንገዱ መውጣትም ሆነ ጥርስ የምታህል ስባሪ እንኳ ለመታሰቢያ ብሎ ማንሣት የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ልጆችን ከመግባታቸው በፊት ይንገሯቸው።