የእንስሳት ቶንዶስ ብሌድ አልቆርጥ ሲላችሁ ሳትጥሉት በፊት እንዲህ አድርጉ

ባለፈው ጎንደር አዘዞ የአንድ ጋሪ ፈረስ ገጣባ ዙሪያውን ልላጭለት ጀምሬ ቶንዶሱ መቁረጡን ትቶ ፀጉሩን እየነጨ አስቸገረኝ፣ ፈረሱ ቆዳው በተጎተተ ቁጥር ይንዘፈዘፋል፣ ባለቤቱም ብሌዱ ዶልዱሟል ሌላ ግዛ አለኝ። ፈትቼ ሳየው ግን በሁለቱ ብረቶች መሀል ላብና አቧራ የጠጣ ፀጉር እንደ ጭቃ ተጠቅጥቋል። አጠብኩት፣ ዘይት ሰጠሁት፣ ስራውን ጨረሰ። ሰው አልቆርጥ ያለውን ብሌድ ሁሉ ደነዘ ብሎ ይጥላል እንጂ ብዙው የቆሸሸ ወይ የደረቀ ነው።

ብሌድ ሁለት ብረት ነው። ታችኛው ማበጠሪያ የሚመስለው ቆሞ ቆዳው ላይ ይሄዳል፣ ላይኛው ትንሹ ግራ ቀኝ እየተመላለሰ እንደ መቀስ ይቆርጣል። በመሀላቸው አንድ የፀጉር ጉንጉን ከገባ መቀሱ ክፍተት አገኘ ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ መንጨት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ከሶኬቱ ንቀሉት። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥርሶቹን ጥረጉና ብሎኑን በካቻቢቴ ፈትታችሁ ሁለቱን ለያዩ፣ የቱ በየት በኩል እንደነበር ስልካችሁ ላይ ፎቶ ያዙ፣ ሲገጠም ያምታታል። ከዛ ትንሽ ላምባ ውስጥ ነክራችሁ ቦርሹት፣ ከሰል ምድጃ ያለበት ክፍል ግን በፍፁም። በጨርቅ በደንብ አድርቁት፣ ውሃ አታስነኩት።

ዘይቱ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ነው፣ አራዳ ገበያ ልብስ ሰፊዎቹን ብትጠይቁ ከየት እንደሚገኝ ያሳዩዋችኋል። የምግብ ዘይት አትሞክሩ፣ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይያያዛል። ጥርሶቹ ላይ ሶስት ጠብታ፣ ሁለቱ ብረቶች የሚፋተጉበት ግራና ቀኝ አንድ አንድ፣ ከገጠማችሁት በኋላ ትንሽ አስነስታችሁ የተረፈውን ጥረጉ። ስራ ላይ እያላችሁም በየ10 ወይ 15 ደቂቃው ጨምሩ።

ስትገጥሙ የላይኛው ጥርስ ከታችኛው ጫፍ ወደ 1 ሚሊሜትር ገደማ ወደ ኋላ ይቅር። ይሄን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት፣ እኩል ከሆነ ወይ ካለፈ ቆዳ ይቆርጣል።

አሁንም ካስቸገረ ምልክቱን እዩ። ብሌዱ የሚግል ከሆነ ዘይት ጨርሷል ወይ ብሎኑ በጣም ጠብቋል፣ አንጓችሁ ላይ አስነክታችሁ ካቃጠላችሁ እንስሳውንም ያቃጥለዋል፣ አጥፉና ይብረድ። ፀጉሩን እያጠፈ የሚያልፍ ከሆነ ላልቷል ማለት ነው፣ ትንሽ አጥብቁት። ቆርጦ ሲጨርስ መስመር መስመር ከተወ ጥርስ ተሰብሯል፣ እሱ መፍትሄ የለውም ይቀየር። የብሌድ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ፀጉሩን አሳጥሮ ይቆርጣል፣ 40 ቁጥር ብሌድ 0.25 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚያስቀረው፣ ጥርሱ ደቃቅ ስለሆነ ወፍራም የፈረስ ፀጉር ውስጥ ቀጥታ ካስገባችሁት ይታነቃል፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ በ10 ቁጥር አሳጥሩለት።

ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ቶንዶስ ከሆነ ደግሞ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ፣ እዛ 120 ቮልት ነው እዚህ 220፣ ቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቢኖራችሁም የእኛ መብራት 50 ኸርዝ የእነሱ 60 ስለሆነ በማግኔት የሚንቀጠቀጡት አይነቶች እየተንኳኩ አቅም ያጣሉ፣ ብሌዱ ምንም ሳይሆን ማለት ነው።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ ንፁህና ደረቅ ፀጉር ላይ እንኳ ካልቆረጠ በቃ ደንዟል። በሞረድ ራሳችሁ አትሳሉት፣ ሁለቱ ብረቶች የሚነካኩበት ፊት በልዩ ማሽን እኩል ካልተሳለ ጭራሽ ይበላሻል፣ ሲሳልም ሁለቱ አብረው ይሂዱ።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር፣ ጭርት ያለበትን ውሻ የላጨ ብሌድ ሳይፀዳ ሌላው ላይ ከሄደ ጭርቱ ይተላለፋል፣ እናንተንም ይይዛል። ፀጉሩን አራግፋችሁ በላምባ ካጠባችሁና ካደረቃችሁ በኋላ 70 ፐርሰንት አልኮል ውስጥ አቆዩት፣ አልኮሉ ዘይቱን ስለሚያጥበው ሲደርቅ እንደገና ዘይት ስጡት። ክረምት ላይ ደግሞ የጎንደር እርጥበት በአንድ ሳምንት ያዝገዋል፣ እኔ ዘይት በነካ ጨርቅ ጠቅልዬ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ነው የማስቀምጠው።