ብስክሌትዎ በውጭ አገር ጉዞ ላይ ቢሰረቅ ምን ማድረግ አለብዎ?

በሰው አገር ብስክሌት የተሰረቀበት መንገደኛ ሦስት ጉዳይ ባንድ ጊዜ ይወድቅበታል፦ ንብረቱን መፈለግ፣ ካሳውን ማስከበርና ጉዞውን መቀጠል። ሦስቱም የተንጠለጠሉት ፍሬሙ ላይ በተቀረጸው ቁጥር ነው። ፖሊስ ከሌባ እጅ የያዘውን ብስክሌት በቀለሙ ወይም በኮርቻው ብቻ ለባለቤቱ አይመልስም። ቁጥሩ በማንም ስም ካልተመዘገበ ብስክሌቱ ተገኝቶም ባለቤት እንደሌለው ዕቃ መጋዘን ውስጥ ይቀራል።

ከመነሳትዎ በፊት

ብስክሌቱን ይገልብጡት። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ፔዳሎቹ በሚዞሩበት ወፍራም ቱቦ ሥር ተቀርጿል። እዚያ ካጡት መሪው የሚገባበትን ቱቦ ወይም የኋላው ቸርኬ የሚታሰርበትን ጫፍ ይመልከቱ። ጭቃውን ጠርገው፣ መብራት ከጎን አብርተው ፎቶ ያንሱት፤ ከዚያ ቁጥሩን በእጅዎ ወረቀት ላይ ይጻፉት። ስህተት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ዜሮ ከ«ኦ» ፊደል፣ 1 ከ«አይ»፣ 8 ከ«ቢ» ጋር ይመሳሰላሉ።

ከቁጥሩ ጋር የግዢ ደረሰኙን፣ የመላ ብስክሌቱን ፎቶ ከሁለቱም ጎን፣ የጭረትና የተለጣፊ ምልክቶችን በቅርብ የሚያሳዩ ፎቶዎች፣ የቁልፉን ደረሰኝና የመድን ውሉን በኢሜይል ለራስዎ ይላኩ። ስልክዎ ከመሪ ቦርሳው ጋር ሊሄድ ስለሚችል ስልክ ላይ ብቻ አያስቀምጧቸው።

ስለ ቁልፍ ባጭሩ፦ ቀጭን የሽቦ ገመድ በእጅ መቁረጫ በሰከንዶች ይበጠሳል፤ ለኮርቻና ለፊት ቸርኬ ማሰሪያ እንጂ ለዋና ቁልፍነት አይሆንም። የዩ ቅርጽ ያለው ጠንካራ ብረትም በባትሪ ለሚሠራ ግራይንደር ይሸነፋል፤ ሆኖም ሌባው ድምፅና ብልጭታ እያሰማ እንዲሠራ ያስገድደዋል። ብዙ መድን ሰጪዎች እንደ ብሪታንያው ሶልድ ሴኪዩር ወይም እንደ ኔዘርላንዱ ኤአርቲ ያለ መዛኝ ያጸደቀውን ቁልፍ ይጠይቃሉ። ውልዎ የትኛውን ደረጃ እንደሚጠይቅ ከመግዛትዎ በፊት ያንብቡ።

1. በእርግጥ መሰረቁን ያጣሩ

በጃፓንና በኔዘርላንድ ከተሞች በተከለከለ ቦታ የቆመ ብስክሌት በማዘጋጃ ቤት ተጭኖ ወደ ማከማቻ ይወሰዳል። አንዳንዴ ቁልፉም ተቆርጦ ስለሚወሰድ ከስርቆት አይለይም። አካባቢው ላይ የክልከላ ምልክት ካለ መጀመሪያ ወደ ማከማቻው ይደውሉ፤ ክፍያ ከፍለው መታወቂያና የቁልፉን መክፈቻ አሳይተው ይወስዱታል።

ምልክት ከሌለ ምንም ሳይነኩ ቦታውን ፎቶ ያንሱ፦ የታሰረበትን ብረት፣ የመንገዱን ስም፣ መሬት ላይ የወደቀውን የቁልፍ ስብርባሪ። ከዚያ ስብርባሪውን በከረጢት ይዘው ይሂዱ፤ መድን ሰጪው ሊጠይቅዎ ይችላል። ዙሪያውን አይተው ካሜራ ያለበትን ሱቅ ሁሉ ከነአድራሻው ይመዝግቡ። በአውሮፓ ባለ ሱቁ የሌሎችን ሰዎች ምስል ለእርስዎ አሳልፎ የመስጠት ግዴታ የለበትም፤ ፖሊስ እስኪመጣ እንዳያጠፋው ግን ይለምኑት። ብዙ ካሜራዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ አሮጌውን ምስል በአዲስ ይተካሉ፤ ስለዚህ ነገ ልመለስ ማለት አያዋጣም።

2. ካርድና ፓስፖርት

ቦርሳዎቹ አብረው ከሄዱ ከፖሊስ በፊት ባንክዎ ይቅደም፤ ካርዶቹን ያዘጉ፣ ስልኩን ከርቀት ይቆልፉ። ፓስፖርት ላይ ግን ጥቂት ይታገሡ። በየቦርሳውና በማረፊያ ክፍልዎ ደህና አድርገው ፈልገው ያረጋግጡ፤ አንዴ ተሰርቋል ተብሎ ከተመዘገበ ቁጥሩ ኢንተርፖል መዝገብ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ኋላ ቢገኝም ድንበር ላይ ያስይዝዎታል። በእርግጥ ከሌለ ለፖሊስ አስመዝግበው ወደ አገርዎ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይሂዱና የአስቸኳይ ጊዜ የጉዞ ሰነድ ይጠይቁ።

3. የፖሊስ ማመልከቻ

ሌባው ዓይንዎ ፊት ካለ ወይም ጉዳት ከደረሰብዎ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112 ይደውሉ። ነገሩ ካለፈ በኋላ ከሆነ ወደ ጣቢያ መሄድ ይሻላል፤ በብሪታንያ ደግሞ ለማያስቸኩል ጉዳይ 101 ነው። በኢንተርኔት የሚቀርብ ማመልከቻ በብዙ አገር የነዋሪነት መለያ ስለሚጠይቅ እንግዳ ሰው መሃል ላይ ይደናቀፋል።

የሚጻፈው ነገር ዝርዝር መሆን አለበት፦ የፍሬም ቁጥር፣ ሥሪት፣ ቀለም፣ ልዩ ምልክት፣ ትተውት የሄዱበትና ሲመለሱ ያጡበት ሰዓት፣ ከምን ጋር በምን ቁልፍ እንደታሰረ፣ ዋጋው ከነገንዘቡ ዓይነት። ብስክሌቱ ላይ የነበረውን ዕቃ በሙሉ፣ መብራቱን፣ ፓምፑን፣ የጎን ቦርሳዎቹንና በውስጣቸው ያለውን አንድ በአንድ ያስጽፉ። ማመልከቻው ላይ ያልተጠቀሰን ዕቃ በኋላ ከመድን ሰጪ መጠየቅ ክርክር ያስከትላል።

በፈረንሳይ አንድ ልዩ ጥንቃቄ አለ። ጣቢያው «ማን ኩራንት» የተባለ ተራ ማስታወሻ ጽፎ ሊያሰናብትዎ ይችላል፤ እሱ ክስ አይደለም። ለካሳ የሚያስፈልግዎ «ፕላንት» ነው፤ ስሙን ጠርተው ይጠይቁ። በስፔን የሚሰጠው ወረቀት «ዴኑንሲያ» ይባላል።

የማያነቡትን ቋንቋ አይፈርሙ። በስልክ የትርጉም መተግበሪያ ገጹን አይተው፣ ቢያንስ የፍሬም ቁጥሩንና የስምዎን አጻጻፍ ከፓስፖርትዎ ጋር ያስተያዩ። ቁጥር ወይም ማህተም ያለበትን ቅጂ ሳይዙ ከጣቢያው አይውጡ፤ ከሌላ ከተማ ሆኖ ቅጂ ማስላክ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

4. ወሬውን ማሰራጨት

በዚያው ቀን ብስክሌቱን በመዝገቦች ላይ «ተሰርቋል» ብለው ያስገቡ፤ በብሪታንያ ባይክሬጅስተር፣ በሰሜን አሜሪካ ባይክ ኢንዴክስ ይታወቃሉ። በአቅራቢያ ላሉ የብስክሌት ጠጋኞችና አሮጌ ዕቃ ሻጮች ፎቶውን ያሳዩ። የአገሩን የሽያጭ ገጾች በየቀኑ ይፈልጉ፦ በኔዘርላንድ ማርክትፕላትስ፣ በጀርመን ክላይንአንትሳይገን፣ በስፔን ዋላፖፕ። ሌባ የሥሪቱን ስም ስለማያውቅ ወይም ሆነ ብሎ ስለሚያጣምመው በቀለምና በመጠንም ይፈልጉ።

ማስታወቂያ ሲያወጡ አንድ ምልክት ይደብቁ፤ ለምሳሌ ከኮርቻው ሥር ያለውን ጭረት። «አግኝቼዋለሁ፣ ገንዘብ ላክልኝ» የሚል ሰው ይደውላል፤ ያንን ምልክት በፎቶ ማሳየት ካልቻለ ብስክሌቱ እሱ ዘንድ የለም።

5. ያለበትን ካወቁ

እንደ ኤርታግ ያሉ ትናንሽ መከታተያዎች ቦታቸውን የሚያሳውቁት በአጠገባቸው በሚያልፉ የሌሎች ሰዎች ስልኮች አማካይነት ነው። ከተማ ውስጥ ጥሩ ይሠራሉ፤ ሰው በሌለበት ገጠር ግን ለሰዓታት ዝም ሊሉ ይችላሉ። ደግሞም ያልታወቀ መከታተያ አብሮት እየተጓዘ መሆኑን የሌባው ስልክ ራሱ ይነግረዋል፤ ያኔ ፈልጎ ይጥለዋል። ስለዚህ ዋጋ ያላቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ናቸው፤ ቦታው በታየ ቁጥር ሰዓቱ ያለበትን የስክሪን ፎቶ ያንሱና የማመልከቻ ቁጥርዎን ጠቅሰው ለፖሊስ ያድርሱ።

ብቻዎን ሄደው በር አያንኳኩ። ቋንቋውን በማያውቁበት አገር ጠብ ቢነሳ ተከሳሹ እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ። የሽያጭ ማስታወቂያ ካገኙም ሻጩን ሳያስነቁ ገጹን፣ የሻጩን መለያና ፎቶዎቹን ያስቀምጡ፤ ቀጠሮውን ፖሊስ ባለበት ያድርጉት።

ብስክሌቱ ሦስተኛ ሰው እጅ ከገባ ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል። በጀርመን የተሰረቀ ዕቃ በቅንነት የገዛው ሰው እንኳ ባለቤት አይሆንም። በፈረንሳይ ደግሞ ገዢው ከገበያ ወይም ያንን ዓይነት ዕቃ ከሚሸጥ ነጋዴ ገዝቶት ከሆነ የተሰረቀበት ባለቤት ገዢው የከፈለውን መልሶለት ነው የሚወስደው። ከገዢው ጋር መንገድ ላይ ከመከራከር ጉዳዩን ለፖሊስ መስጠት የሚሻለው ለዚህ ነው።

6. መድን

ብዙ ውሎች በ24 ወይም በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማመልከትን ግዴታ ያደርጋሉ፤ ለመድን ሰጪው ማሳወቂያም የራሱ ቀነ ገደብ አለው። የሚያቀርቡት የፖሊስ ወረቀቱን፣ ደረሰኞቹን፣ ፎቶዎቹንና የቁልፉን ሁለቱንም መክፈቻዎች ነው። ተራ የጉዞ መድን ለአንድ ዕቃ የሚከፍለው ጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከጥሩ ብስክሌት ዋጋ በታች ነው፤ ከዚያም ላይ የዕድሜ ቅናሽና እርስዎ ራስዎ የሚሸፍኑት የራስ ድርሻ ይቀነሳል። ቤትዎ ያለው የንብረት መድን ከቤት ውጭ ያለን ብስክሌት ይሸፍን እንደሆነ አብረው ይጠይቁ።

7. ጉዞውን መቀጠል

ፍለጋ ላይ ሳሉ ቪዛዎ ይቆጥራል። በሸንገን ክልል የአጭር ጊዜ ቆይታ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው፤ ስርቆት በራሱ ቀን አይጨምርልዎትም። ሲገቡ ጉምሩክ ብስክሌቱን በወረቀት መዝግቦት ከነበረ ደግሞ ሲወጡ ሸጠውታል እንዳይባሉ የፖሊስ ወረቀቱን ዋና ቅጂ ይዘው ይቅረቡ።

ምትክ ሲገዙ ዋጋው ከማመን በላይ ከረከሰ ወይም የፍሬም ቁጥሩ ከተፋቀ ይተዉት፤ ቁጥሩ ካለም መጀመሪያ በአገሩ መዝገብ ይፈትሹት። ለጭነት ጉዞ የሚሆነው የኋላ ዕቃ መጫኛ የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች ያሉትና ቢያንስ 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ የሚቀበል ፍሬም ነው። የተረፉልዎት መለዋወጫ ጎማዎች ልካቸው ከአዲሱ ቸርኬ ጋር መግጠሙን ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ቁጥር ያንብቡ፤ ቁጥሩ ጎማው የሚቀመጥበትን የቸርኬ ስፋት በሚሊ ሜትር ስለሚያሳይ 559 እና 622 በምንም መንገድ አይቀያየሩም። የጎን ቦርሳዎችዎ ማንጠልጠያም ከአዲሱ መጫኛ ብረት ውፍረት ጋር መስማማት አለበት፤ ላልቶ የሚንቀጠቀጥ ቦርሳ ጎርባጣ መንገድ ላይ ይወድቃል። ሙሉ ጭነት ጭነው በከተማው ዙሪያ ግማሽ ቀን ይንዱት፤ ተረከዝዎ ቦርሳውን የሚነካ ከሆነ ቦርሳውን ወደ ኋላ ያንሸራቱት፣ የማርሽና የፍሬን ሽቦዎቹ ከላሉም ሻጩ ዘንድ ተመልሰው ያስጠብቋቸው።