ለማላውቀው ልጅ የምሰፋው አሻንጉሊት

ጅማ መርካቶ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀን ቀን ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ማታ ማታ ደግሞ የጨርቅ አሻንጉሊት እሰፋለሁ። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ያዩኝ ጊዜ "ሰውየው ምን ነካው?" ብለው ስቀው ነበር። አሁን ብጣሽ ጨርቅ በፌስታል እያመጡ በሬ ላይ ያንጠለጥሉልኛል።

ለሽያጭ አይደለም። ሆስፒታል ለተኙ ልጆች ነው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ይዤ የሄድኩ ቀን አንዲት ነርስ ተቀበለችኝ። አንዱን አንስታ ዓይኑን በጥፍሯ ሳብ አደረገችው። ዓይኑ የሸሚዝ ቁልፍ ነበር። እጇ ላይ ቀረ። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሚገባው አፋቸው ውስጥ ነው" አለችኝ። ስድስቱንም ይዤ ተመለስኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ቁልፍ ስሰፋ የኖርኩ ሰውዬ፣ አፈርኩ።

ለራሴ ልጅ ብሰፋ ሲተረተር እጠግነው ነበር። ለማላውቀው ልጅ ግን ከእጄ ከወጣ ወጣ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚያ ቀን ወዲህ የተማርኩት ነው።

ለገላው አቡጀዲ ግዙ። ግማሽ ሜትር ለሁለት አሻንጉሊት ይበቃል፣ ከቆጠባችሁ ለሦስት። የአሮጌ ቲሸርት ጨርቅ አትጠቀሙ። ይለጠጣል፤ ስትሞሉት ሆዱ ይነፋና እርጉዝ ይመስላል። አቡጀዲውን ከመቁረጣችሁ በፊት በሙቅ ውሃ እጠቡት። ስታርቹም ይለቃል፣ የሚያጥረውም ቀድሞ ያጥራል።

አቡጀዲ ነጭ ነው፣ ልጆቻችን ደግሞ ነጭ አይደሉም። እኛ ቤት ቀለሙ ከጀበና ነው የሚወጣው። ባለቤቴ የሦስት ቀን የቡና አተላ ታጠራቅምልኛለች። በትልቅ ድስት ውሃ ጨምሬ አፈላዋለሁ፣ በደንብ አጠለዋለሁ፣ የረጠበውን ጨርቅ ከትቼ ግማሽ ሰዓት አንተከትከዋለሁ። ከዚያ እዚያው ውስጥ ያድራል። አተላው በደንብ ካልተጠለለ ጨርቁ ዥጉርጉር ይሆናል። ጠዋት ሲታጠብ ፈካ ያለ ቡናማ ይወጣል። በእጥበት ብዛት መሳሳቱ አይቀርም። ጠቆር ያለ ከፈለጋችሁ ቡናማ ቴትሮን ይሻላል፤ ከዩኒፎርም የተረፈ ብጣሽ የትኛውም ልብስ ሰፊ ጋ አይጠፋም።

ሞዴሉን በብስኩት ካርቶን ላይ ሥሩት። የእኔ አሻንጉሊት ቁመቱ 35 ሳንቲ ገደማ ነው። ጭንቅላትና ደረት አንድ ላይ ይቆረጣሉ። ጭንቅላቱ 10 ሳንቲ ስፋት፣ አንገቱ 5። አንገት ማቅጠን ያምራል፣ ግን ጭንቅላቱ በሳምንቱ ይወድቃል። እጅ 14 በ5፣ እግር 18 በ6።

አሁን የሙያ ሚስጥር ልንገራችሁ። ትንሽ ነገር ቆርጣችሁ አትስፉ፤ ሰፍታችሁ ቁረጡ። ጨርቁን መልኩን ወደ ውስጥ አድርጋችሁ እጠፉት፣ ካርቶኑን አስቀምጡበት፣ ዙሪያውን በሳሙና ስባሪ አስምሩ። በመስመሩ ላይ ስፉ፣ ከዚያ ግማሽ ሳንቲ ትታችሁ ቁረጡ። ቀድማችሁ ከቆረጣችሁት ጨርቁ ከመኪናው እግር ሥር ይሸሻል፤ አንዱ እጅ ወፍራም አንዱ ቀጭን ይወጣል። ስፌቱ ጥቅጥቅ ይበል፣ ክሩ ፖሊስተር ይሁን። አንገትና ብብት ላይ ሁለቴ እሄድበታለሁ። አንገቱ ጥምዝ ላይ ስፌቱ ጋ ሳትደርሱ በመቀስ ጫፍ ብጥስ ብጥስ አድርጉት፣ ካለዚያ ሲገለበጥ ይሸበሸባል።

እጆቹን ቀድማችሁ ሙሉና፣ ከላይ 2 ሳንቲ ባዶ ተዉላቸው። ባዶዋ ናት እጁን እንዲወዛወዝ የምታደርገው። በደረቱ ሁለት ጨርቆች መሀል ወደ ውስጥ ተኝተው አብረው ይሰፋሉ። ከታች ክፍት ተዉት፣ በዚያው ይገለበጣል። ለመገልበጥ የማማሰያ እጀታ ይበቃል። እግሮቹ መጨረሻ ይገባሉ፣ ከታች ክፍት የተተወውም አብሮ ይዘጋል።

የሚሞላው ነገር ላይ ከባለቤቴ ጋር ተከራክረናል። እሷ ጥጥ አለች። እኔም እሺ ብዬ ሞላሁ። ሐምሌ ላይ አንዱን ለሙከራ አጠብነው። የጅማን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ካልሲ እንኳን አይደርቅም። አሻንጉሊቱ አምስት ቀን ተሰቅሎ ውስጡ ሻገተ፣ ጥጡም ተጓጎለ። አሁን የምሞላው የአሮጌ ትራስ ፋይበር ነው፤ በሳሙና አጥቤ፣ አድርቄ፣ በጣቴ እየፈለቀቅኩ። በትንሽ በትንሹ ነው የሚገባው። አንድ ትልቅ እፍኝ ከከተታችሁ ድንጋይ የዋጠ ይመስላል። ለአንገቱ ደግሞ የጂንስ ብጣሽ እንደ አውራ ጣት አጥብቄ እጠቀልልና፣ እንዳይፈታ ሰፍቼ፣ ግማሹን ጭንቅላት ውስጥ ግማሹን ደረት ውስጥ አስገባለሁ። እንጨት በፍጹም እንዳትከቱ።

ፊቱ በክር ይጠለፍ። ቁልፍ የለም፣ ዶቃ የለም። ከሶፍት መሀል የሚወጣውን የካርቶን ቱቦ ታውቁታላችሁ? በዚያ የሚያልፍ ማንኛውም ነገር ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አደጋ ነው። ዓይኖቹን ጭንቅላቱ እኩሌታ ላይ አድርጓቸው። ሁላችንም ወደ ላይ እናወጣቸዋለን፣ ያኔ አሻንጉሊቱ ትልቅ ሰው ይመስላል። አፉ ትንሽ ይሁን፣ ብዙም አይሳቅ። የታመመ ልጅ ቀኑን ሙሉ ጥርሱን የሚያሳየው ሰው አይፈልግም፤ ይሄ የኔ ሐሳብ ነው።

ለፀጉር ጥቁር የሹራብ ክር፣ 50 ሳንቲ እየተቆረጠ 40 ያህል። መሀሉን እንደ ክፋይ ጭንቅላቱ ላይ ሁለቴ ሰፍታችሁ ሹሩባ ሥሩት። ይፈቱታል፣ መልሰው ይሠሩታል፣ ለዚያው ነው።

ልብስ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንገቱን ነው። በጠፍጣፋው 10 የነበረው ጭንቅላት ሲሞላ ዙሪያው 20 ነው፣ ፀጉር ሲጨመር 23 ይደርሳል። የቀሚሱ አንገት ከዚያ ከጠበበ ልጁ ይታገላል፣ ስፌቱ ይሄዳል። እኔ ከኋላ እስከ ታች ክፍት አደርገውና በሁለት አጭር ማሰሪያ አስረዋለሁ። ማሰሪያው ከ10 ሳንቲ አይበልጥ፤ የሕፃን አንገት ላይ መጠምጠም የለበትም። ልብሱ ሁሉ በግሉኮስ በታሰረ እጅም ቢሆን የሚወልቅ ይሁን። ጉርድ ቀሚስ ወገቡ ላይ ላስቲክ ይበቃዋል። ከአሮጌ ነጠላ ጥለቷን ብቻ ቆርጣችሁ ጫፉ ላይ ብትሰፉ የሐበሻ ቀሚስ ሆነ። ሂጃብ ደግሞ እኛ ከተማ የግድ ነው። 30 በ30 ጨርቅ ሦስት ማዕዘን አጥፋችሁ ጫፉን ቀምቅሙ፣ አገጩ ሥር ሁለት ሦስት ጊዜ ስፉት፣ በቃ። በመርፌ ቁልፍ እንዳታስይዙት።

ከማስረከቤ በፊት ሁሉንም አጥባለሁ፣ እጅና እግሩን፣ ፀጉሩን በኃይል እጎትታለሁ። የሚነቀል ከሆነ እኔ ጋ ይነቀል። ስፒል 12 አውጥቼ ከጀመርኩ 12 ሳልመልስ አልተኛም። አንድ ማታ 11 ሆነብኝ። ከተበላሸ ስፒከር ያወጣሁት ማግኔት ነበረኝ፣ በየአሻንጉሊቱ ላይ ቀስ እያልኩ አሳለፍኩት። አራተኛው ጭን ላይ ሲደርስ ጠቅ ብሎ ያዘ። ከዚያ ወዲህ ማግኔቱ ከመቀሴ አጠገብ አይለይም።

ያቺው ነርስ በሁለተኛው ዙር ሁሉንም ጎትታ፣ ጎትታ ተቀበለችኝ። ተመልሼ ስሄድ ግን ሌላ አቤቱታ ይዛ ጠበቀችኝ። ልጆቹ አሻንጉሊቱን እንደተቀበሉ መጀመሪያ የሚያደርጉት ቀሚሱን ገልቦ ማየት ነው አሉ። "ፓንት የላትም እኮ!" እያሉ ዋርዱን በሳቅ አፈረሱት። አሁን ለሁሉም ፓንት እሰፋለሁ። ከካልሲ ተረከዝ ነው የምቆርጠው፤ ጥምዙ ልክ ቂጧ ላይ ያርፋል።