ኢኢጂ (የአንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ) ስትቀዱ ዓይንንም አብራችሁ ተከታተሉ፦ ባሕር ዳር ላይ ለምትሠሩ

ዓይን እንደ ትንሽ ባትሪ ነው፤ የፊቱ ኮርኒያ ከኋላው ሬቲና አንጻር ፖዘቲቭ ነው። ለዚህም አንድ ጊዜ ማርገብገብ ብቻ በግንባር ኤሌክትሮዶች (ሞገዱን ከቆዳ በሚቀበሉ መለጠፊያዎች) ላይ ከ100 ማይክሮቮልት ያለፈ ሞገድ ሊያስነሳ ይችላል፤ የምትፈልጉት የአንጎል ምላሽ ግን ብዙ ጊዜ ጥቂት ማይክሮቮልት ነው። ተሳታፊውን «ዓይንህን አታርገብግብ» ማለት አያዋጣም፤ ላለማርገብገብ መታገሉ ራሱ ተጨማሪ ሥራ ይሆንበታል። ዓይንን የሚከታተል ካሜራ አብሮ ማስነሳት ይሻላል።

ሥራው የሚጀምረው ቀጠሮ ስትሰጡ ነው። «ኩል ሳትኳሉ፣ ቅቤ ሳትቀቡ ኑ» በሉ። ካሜራው በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚፈልገው ጥቁሩን ብሌን ነው፤ የተኳለ ሽፋሽፍትም ጥቁር ሆኖ ስለሚታየው፣ የዓይን ቆብ ዝቅ ባለ ቁጥር ብሌኑን ትቶ ወደ ሽፋሽፍቱ ይዘላል። ኩል ተኩላ የመጣች ካለች በቫዝሊን ጥረጉላት፤ ቅባቱ ግን በሳሙና ይልቀቅ፣ አለዚያ ኤሌክትሮዱ አይይዝም። ቅቤ የጠጣ ፀጉርም ኢምፒዳንሱን (በኤሌክትሮዱና በቆዳው መካከል ያለውን የኤሌክትሪክ እንቅፋት) ከ10 ኪሎ ኦም በታች አያወርድላችሁም። ሹሩባ የምትሠራን ሴት ከመሠራቷ በፊት ቅጠሯት። ስንት ሰዓት የተቀመጠችበትን ፍቺው ማለት ነውር ነው።

ወደ ጣና የሚያይ መስኮት ለቡና እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ፀሐይ ራሷ ኢንፍራሬድ ትረጫለች፣ ብሌንም ታጠብባለች። በወፍራም ጥቁር መጋረጃ ዝጉትና መጠኑ የማይለዋወጥ መብራት አብሩ። ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ የሚተካው ባትሪ) ከተሳታፊው ራቅ ይበል፤ ካጠገቡ ከሆነ የመብራት መስመሩ 50 ኸርዝ ጎልቶ ይገባል።

ጎማ የሌለው ወንበር፣ የአገጭ መደገፊያ፣ ከዓይን 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ የራቀ ስክሪን ይበቃል። ኤሌክትሮዶቹን የያዘውን ኮፍያ መጀመሪያ አጥልቁ። ሁለት ኤሌክትሮድ በዓይኖቹ የውጭ ጥግ፣ ሁለት ደግሞ ከአንዱ ዓይን በላይና በታች ለጥፉ። ባለ 9 ነጥብ ካሊብሬሽኑ (ተሳታፊው ስክሪኑ ላይ ነጥቦችን እያየ ካሜራው የሚስተካከልበት) ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀድማችሁ ከሠራችሁት ኮፍያው ሲጠልቅ ጭንቅላቱ ተንቀሳቅሶ ልፋታችሁ ከንቱ ይቀራል። አማካይ ስሕተቱ ከ0.5 ዲግሪ፣ የአንዱም ነጥብ ከ1 ዲግሪ ካለፈ ድገሙት። ፊደል የምታስነብቡ ከሆነ ጽሑፉን አተልቁ፤ «ሰ»ን ከ«ሱ» የምትለየው ጭረት ትንሽ ናት።

ብዙ ዳታ የሚበላሸው ግን በሰዓት ነው። ኢኢጂውንና ካሜራውን የሚቀዱት ሁለቱ ኮምፒውተሮች የየራሳቸው ሰዓት ስላላቸው ፋይሎቹ የተከፈቱበትን ደቂቃ አትመኑ። አንዱን ትሪገር (ጊዜን የሚያመለክት አጭር የኤሌክትሪክ ምት) በተከፈለ ገመድ ለሁለቱም ላኩ፤ መጀመሪያ ላይ፣ መጨረሻ ላይና በየሙከራው። ቀረጻው ሲያልቅ በተከታታይ ትሪገሮች መካከል ያለውን ጊዜ ከሁለቱም ፋይል አውጥታችሁ አስተያዩ። በ500 ኸርዝ (በሰከንድ 500 ሳምፕል፣ ማለትም 500 ልኬት) ከቀዳችሁ ልዩነቱ ከአንድ ሳምፕል፣ ማለትም ከ2 ሚሊ ሰከንድ፣ መብለጥ የለበትም። ጠቅላላው ልዩነት ቀስ በቀስ የሚያድግ ከሆነ ሰዓቶቹ እየተራራቁ ነው፤ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ትሪገር መካከል አስተካክሉት። አንድ ቦታ ላይ ድንገት ከዘለለ ግን ትሪገር ጠፍቷል፤ ምናልባት ምቱ 1 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ስለሆነ በሁለት ሳምፕሎች መካከል ሾልኳል። ምቱን ወደ 10 ሚሊ ሰከንድ አስረዝሙት።

በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ላብ ኢኢጂውን ቀስ እያለ ያንሳፍፈዋል። ማራገቢያ ክፈቱ፣ ፊቱን ግን ወደ ግድግዳ አዙሩት፤ ነፋስ ያደረቀው ዓይን ማርገብገቡን ያበዛል።