የመልክዓ ምድር ንድፍ መማር ለምትፈልጉ

ብዙ ተማሪ ሙያውን ከአበባ ተከላ ጋር ያምታታል። ዋናው ሥራ ግን አፈር፣ ውኃና ተዳፋት ነው፤ ስለዚህ ከዚያ ጀምሩ።

መጀመሪያ ተዳፋት ማስላት ልመዱ፦ የከፍታውን ልዩነት ለአግድም ርቀቱ አካፍሉና በ100 አባዙ። በ30 ሜትር ውስጥ 1.5 ሜትር የሚወርድ መሬት 5 በመቶ ተዳፋት አለው። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሠራ መወጣጫ ከ1 ለ12 (በ12 ሜትር አግድም ርቀት 1 ሜትር ከፍታ) መብለጥ የለበትም። ይህን ያልተለማመደ ሰው የሚያምር ንድፍ ሠርቶ የክረምቱን ጎርፍ ወደ ሕንፃው በር ይመራዋል።

አፈሩን ቆፍራችሁ እዩ። በቦሌ አካባቢ የሚበዛው ጥቁር መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ሳይነሳና በተጠቀጠቀ ጠጠር ሳይተካ ንጣፍ ቢደረግበት ንጣፉ ይነሳል። ዛፍ ስትስሉም የችግኙን ሳይሆን የጎልማሳውን ስፋት ሳሉ። ዋርካ በጠባብ የእግረኛ መንገድ ዳር ቦታ የለውም፤ ሥሩ ድንጋዩን ይፈነቅላል። የአገር በቀሎቹን የጽድን፣ የወይራን፣ የኮሶንና የዋንዛን ጠባይ መለየት ከማንኛውም ሶፍትዌር ይቀድማል። የንድፍ መሣያው አውቶካድና የካርታ መሥሪያው ኪውጂአይኤስ ከዚያ በኋላ ይምጡ።

ሥራው በአማካሪ ድርጅቶች፣ በተቋራጮች፣ በከተማ አረንጓዴ ልማት ቢሮዎች፣ በሎጆችና በችግኝ ጣቢያዎች ይገኛል። በአዲስ አበባ የወዳጅነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የእንጦጦ ፓርክ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተከፈቱ ወዲህ ሙያው በአደባባይ ይታያል። ለቅጥር ስትቀርቡ አሥር የሚያማምሩ ሥዕሎች አትያዙ፤ አንድ ቦታ ከልኬት እስከ ውኃ መውረጃ፣ ከተክል ዝርዝር እስከ የሥራ መጠንና ዋጋ ግምት ጨርሳችሁ አሳዩ።