ደሴ ለሚከርም ሰው፦ የክፍል ሂተር ከመግዛታችሁ በፊት

እናቴ ከኮምቦልቻ ወደ እኔ የመጣችው ጉልበቷ እምቢ ሲላት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በስስ ነጠላ የኖረች ሴት፣ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ፣ ሆጤ ሠፈር በገባች በመጀመሪያው ሳምንት ጋቢ ላይ ጋቢ ደርባ «ልጄ፣ ይሄ ቤት ነው በረንዳ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2500 ገደማ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ከፍታው ግን ብቻውን አራት ዲግሪ ያህል ሙቀት ይቀንሳል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ሲጨመርበት ሌሊቱ ሌላ አገር ነው። እናቴ ለሱብሂ የምትነሳው ደግሞ ልክ ብርዱ በሚጠናበት ሰዓት ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት ሂተር ስህተት ነበር። ባለሱቁ «ትልቁን ውሰጂ፣ ቶሎ ያሞቃል» ብሎ የሰጠኝ ባለ ፋን፣ 2000 ዋት ነው። ቤት ወስጄ ቴሌቪዥኑ ያለበት ዲቫይደር ላይ ሰካሁት። በሦስተኛው ቀን ማታ እናቴ «ላስቲክ ይሸተኛል» አለች። ዲቫይደሩን ገልበጥ ሳደርገው ቀዳዳው ዙሪያውን ቡናማ ሆኗል፣ ፕላስቲኩ ለስልሶ ስፒናውን ይዞታል፤ ብጎትት አልነቀል አለኝ። ብሬከሩን አውርጄ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ ነው ያወጣሁት። ሮጣ መውጣት የማትችል ሴት የተኛችበት ክፍል ውስጥ ነው ይህ የሆነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግሥቱ የሠፈራችንን ኤሌክትሪሽያን ጠርቼ ከእሱ የተማርኩትንና ሁለት ክረምትና ሁለት በጋ ሙሉ ራሴ የሞከርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ማሞቅ የፈለጋችሁት ክፍሉን ነው ወይስ ሰውየውን? ይህን ሳትመልሱ ሱቅ አትግቡ።

በኤሌክትሪክ የሚግል ሂተር ሁሉ የሚበላውን መብራት በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይቀይራል። ባለ ዘይትም፣ ባለ ፋንም፣ ባለ ዘንግም 1000 ዋት ከሆነ የ1000 ዋት ሙቀት ነው የሚሰጣችሁ። ካርቶኑ ላይ «ቆጣቢ» ተብሎ ቢጻፍ አትመኑት። ልዩነቱ ሙቀቱ የት እንደሚሄድ ነው። ባለ ዘንጉ፣ ማለትም ኳርትዙ፣ እንደ ፀሐይ ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው በቀጥታ ይመታል። አየሩን እስኪያሞቅ አትጠብቁም፤ ከጎኑ ዘወር ያላችሁ እንደሆነ ግን ብርዱ እዚያው ነው። ባለ ፋኑ አየሩን ቶሎ ያሞቃል፣ ይጮሃል፣ ስታጠፉት ወዲያው ይቀዘቅዛል። ባለ ዘይቱ ለመሞቅ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንዴ ከሞቀ ግን ክፍሉን እኩል ይይዘዋል፣ መብራት ቢጠፋም ለጊዜው ሙቀቱ አይለቀውም። ክብደትም ዋጋም አለው። እኔ በጠየቅኩበት ሰሞን አንዱ ባለ ዘይት የባለ ዘንጉን ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር።

ስለዚህ አንድ ቦታ ለሚቀመጥ ሰው፣ ለሚሰፋ፣ ለሚያነብ፣ ቁርኣን ለሚቀራ፣ ባለ ሁለት ዘንጉ 800 ዋት ይበቃል። አንዱን ዘንግ ብቻ ስታበሩት 400 ነው። ለእናቴ የገዛሁት እሱን ነው፤ ጉልበቷ ፊት አንድ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ይቀመጣል። አራስ ላለችበት ቤት ወይም ሌሊቱን ሙሉ ለሚተኛበት ክፍል ግን ባለ ዘንግ አልመክርም። እዚያ ገንዘቡን አጠራቅማችሁ ቴርሞስታት ያለው፣ ማለትም ሙቀቱ ሲበቃ በራሱ የሚጠፋ፣ ባለ ዘይት ግዙ። ክፍሉን በሙሉ ማሞቅ ካለባችሁ ለአንድ ካሬ ሜትር 100 ዋት ያህል አስቡ፤ 3 በ 4 የሆነ ክፍል 1200 ዋት ገደማ ይፈልጋል ማለት ነው። ይህ ግን ኮርኒስ ላለው ቤት ነው። ቆርቆሮው ከላይ ለሚታይ ቤት ያ ስሌት አይሠራም፤ ሙቀቱ ጣሪያውን አልፎ ይሄዳል።

የመብራት ሒሳቡን ካልኩሌተር ይዛችሁ ሥሩት። 800 ዋት በቀን ሦስት ሰዓት ቢበራ በወር 72 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። 2000 ዋት ለዚያው ሦስት ሰዓት 180 ይሆናል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ በደረጃ ነው፦ እስከ 50፣ እስከ 100፣ እስከ 200፣ እስከ 300 እያለ ከ500 በላይ ድረስ ይወጣል፤ በየደረጃው የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። እኛ ያለ ሂተር 90 አካባቢ እንበላለን። 72ቱ ሲጨመር 162፣ 180ው ሲጨመር 270። ትልቁ ሂተር የሚያስከፍለን ብዙ ኪሎ ዋት ስለበላ ብቻ ሳይሆን አንድ ደረጃ ከፍ ስለሚያደርገንም ነው። ግቢው በአንድ ቆጣሪ የሚኖር ከሆነ ይህን ነገር ለጎረቤትና ለአከራይ አስቀድማችሁ ንገሩ። የሁሉም ፍጆታ አንድ ላይ ስለሚደመር የእናንተ ሂተር የነሱንም ሒሳብ ከፍ ያደርጋል፤ በዚህ የተነሳ የተኳረፉ ተከራዮች አውቃለሁ፣ ቀድሞ ቢወራ ኖሮ ቀላል ነበር።

አሁን ወደ ሽቦው። 2000 ዋት በ220 ቮልት ዘጠኝ አምፔር ያህል ይስባል። ቀጭን የዲቫይደር ሽቦ ይህን ለሰዓታት አይችልም፤ የኔ የቀለጠው ለዚህ ነው። ሂተር፣ ትንሹም ቢሆን፣ ግድግዳ ላይ ባለ ሶኬት ብቻ ይሰካ። ኤሌክትሪሽያኑ የኛን ሶኬት ፈትቶ ሲያሳየኝ ከመብራቱ መስመር ላይ በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ተጎትቶ የመጣ ነበር። «እህቴ፣ ይሄ ለአምፖል ነው» አለኝና በ2.5 ቀየረው። የድሮ ጭቃ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ሂተር ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሶኬት አስፈትታችሁ እዩ። ምጣድ ከሂተር ጋር አብሮ አይበራም። ምጣዱ ብቻውን ሦስት ሺህ ዋት የሚያልፍ ነው፤ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ሂተሩ ይረፍ።

አንድ ሌላ ነገር። ማታ ማታ ሠፈሩ ሁሉ ሲያበራ መብራቱ ይደክማል፤ ያን ጊዜ ሂተሩ «ተበላሸ» ብላችሁ ሱቅ አትመልሱት። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ 2000 ዋቱ 1340 አካባቢ ይሆናል፤ ሙቀቱ ሲሦውን አጣ ማለት ነው።

ሂተሩን ከመግዛቴ በፊት ማድረግ የነበረብኝ ግን ሌላ ሥራ ነው። አንድ ቀን ቡና እየፈላ ዕጣን አጨስን። የዕጣኑ ጭስ ቀጥ ብሎ መውጣት ሲገባው ወደ ኮርኒሱ ጥግ ታጠፈና ጠፋ። ተነስቼ ማጨሻውን ይዤ ክፍሉን ዞርኩ። በሩ ሥር ሳደርሰው ጭሱ ፊቴ ላይ ተመለሰ፤ ንፋሱ ከዚያ ይገባል፣ በተቀደደው ኮርኒስ ይወጣል። ሙሉ በጋ ሂተር ሳበራ የነበረው ጦሳን ለማሞቅ ኖሯል። ኮርኒሱን ወጥሬ አስጠገንኩ። ለበሩ ደግሞ ከአሮጌ ሱሪ እግር ረጅም ከረጢት ሰፍቼ አሸዋና ቁርጥራጭ ጨርቅ ሞላሁበት፤ ማታ ማታ በእግር ገፋ አድርጎ በሩ ሥር ማስጠጋት ነው። ሲሚንቶው ላይ ምንጣፍ፣ እናቴ እግር ሥር አጎዛ። ከዚህ በኋላ ሁለት ዘንግ ይበራ የነበረው አንድ በቃው። እናንተም ዕጣኑን ዛሬውኑ ይዛችሁ ዙሩ፤ ምንም አያስወጣም።

ፒያሳ ወርዳችሁ ስትገዙ ባለሱቁ ሰክቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ «ይሠራል» ማለቱ አይበቃም። ሁለቱም ዘንግ መቅላቱን እዩ፤ ዘንጉ ተሰባሪ ስለሆነ በመንገድ የተሰነጠቀ ያጋጥማል። እየበራ ጎኑን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አዘንብሉት፤ ወዲያው ካልጠፋ፣ ነጻ ቢሰጣችሁ እንኳን አትውሰዱት። ቤት ውስጥ ልጅ፣ ድመት፣ ሽማግሌ ካለ መውደቁ አይቀርም። አሥር ደቂቃ ቁሙና ስፒናውን ንኩት፤ ለብ ቢል ምንም አይደል፣ ጣት የሚያስነሳ ከሆነ ግን ተዉት። ገመዱን በጣታችሁ ጨምቁት፣ ከስልክ ቻርጀር ገመድ በደንብ መወፈር አለበት። ጀርባው ላይ ያለውን ምልክት አንብቡ፤ 220 እስከ 240 ቮልት ማለት አለበት። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ባለ 110 ወይም 120 እዚህ ከተሰካ ይቃጠላል። ከሳዑዲ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ቮልቱ ደህና ነው፣ ችግሩ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ስፒናው ነው። በርካሽ ማቀያየሪያ አትሰኩት፤ ይግላል፣ ግራውንዱንም፣ ማለትም ወደ መሬት የሚሄደውን መከላከያ መስመር፣ ይቆርጠዋል። ስፒናውን ቆርጦ 16 አምፔር የሚችል ክብ ስፒና ማስገጠም ለኤሌክትሪሽያን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

የተጻፈው ዋት እውነት መሆኑን ቤት ስትደርሱ በቆጣሪው ማረጋገጥ ትችላላችሁ። በአዲሶቹ ቆጣሪዎች ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለች፤ አጠገቧ 1000 ወይም 1600 የሚል ቁጥር ተጽፏል። አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ሲሞላ ያን ያህል ጊዜ በርታለች ማለት ነው። ሌላውን ሁሉ አጥፉ፣ ፍሪጁንም ንቀሉ፣ ሂተሩን ብቻ አብርታችሁ በስልክ ሰዓት አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ቁጥሩ 1000 ከሆነ የ800 ዋት ሂተር በደቂቃ 13 ጊዜ ያህል ብልጭ ያደርጋታል፣ 1600 ከሆነ 21። የኔ 12 መጣ፣ መብራቱ ደክሞ ስለነበር ደህና ነው አልኩ።

ስለ ከሰል ሳልናገር አላልፍም። ጭሱ ካለቀ በኋላ «አሁን አይጎዳም» ብሎ ምድጃውን ወደ መኝታ ማስገባት የቆየ ልማዳችን ነው። የሚገድለው ግን ጭሱ አይደለም። ቀልቶ ያማረው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ሰው ራሱን አመመኝ ሳይል በተኛበት ይቀራል። እኔ እንዳደረግኩት የበሩን ሥር የደፈነ ሰው ከሰል ካስገባ ደግሞ አደጋው የባሰ ነው። እባካችሁ፣ ለአራስም ቢሆን፣ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን፣ በተዘጋ ክፍል ከሰል አታድርጉ። ሂተር የሚገዛበት ካልተገኘ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ አሙቁና በማያፈስ የላስቲክ ቦርሳ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግር ሥር አድርጉ። ያን ውሃ ለማሞቅ የሚሄደው መብራት አንድ አሥረኛ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ባና ውስጥ ከሆነ እስከ ንጋት ለብ ይላል።

አጠቃቀሙ አጭር ነው። ከአልጋ፣ ከመጋረጃ፣ ከልብስ አንድ ሜትር ይራቅ። የነጠላ ዘርፍ በተለይ እሳት ቶሎ ይይዛል። ልብስ አይሰጣበትም። ባለ ዘንጉ በርቶ እንቅልፍ የለም። እናቴን ያስቸገርኩባት አንድ ነገር፣ ከውዱእ በኋላ በእርጥብ እጇ ማብሪያውን እንዳትነካ ነው፤ መጀመሪያ ፎጣ፣ ከዚያ ሂተር። አሁን ፎጣው ማብሪያው አጠገብ ባለው ምስማር ላይ ነው የሚሰቀለው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ደግሞ ስፒናውን ወዲያው ንቀሉ። ሂተሩ እንደበራ ረስታችሁት ገበያ ብትወጡ፣ መብራቱ የሚመለሰው ሰው በሌለበት፣ ምናልባትም ከአልጋው የወረደ ብርድ ልብስ ፊቱ ላይ ባለበት ሰዓት ነው።