ኮምፒውተራችሁ ሲጮኽ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ጥምቀት አልፎ የጎንደር አቧራ መነሣት ሲጀምር እኔ ጋ የሚደወለው ሁሉ ስለ አንድ ነገር ነው። «ኮምፒውተሩ ይጮኻል፣ ምን ይሻላል?» ማራኪ ያለው ጓደኛዬ ይደውላል፣ አዘዞ ያለው አጎቴ ይደውላል። ጎረቤታችን እማማም የልጅ ልጆቻቸው የሚማሩበት ኮምፒውተር ስላላቸው «ልጄ፣ ይኼ ነገር እንደ ወፍጮ እያጓራ ነው፣ ሳይፈነዳ ድረስልኝ» ይሉኛል። አይፈነዳም። ግን ድምፁ ዝም ብሎ አልመጣም። ደግሞ ብዙ ቤት እንዳየሁት፣ ከብልሽቱ ይልቅ የሚጎዳው ድምፁን ስንሰማ ተደናግጠን የምናደርገው ነገር ነው።

ስለዚህ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ሳያዳምጡ መፍታት

ካቻቢቴ ከማንሣታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ አዳምጡ። ኮምፒውተር ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ነገር ጥቂት ነው፦ ፋኖቹ፣ ማለትም ማቀዝቀዣ ማራገቢያዎቹ (ስሌቱን የሚሠራው ፕሮሰሰር ላይ፣ የኮምፒውተሩ ሣጥን ከሆነው ኬዝ ጀርባ፣ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ፓወር ሳፕላይ ውስጥ፣ ካለ ደግሞ ምስል የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ላይ)፣ ፋይሉ የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክ እና የሲዲ ማጫወቻው። ስለዚህ ጥያቄው ቀላል ነው። መቼ ነው የሚጮኸው? ጠዋት ሲከፈት ብቻ ጮኾ ሲሞቅ ዝም የሚል ከሆነ ብዙ ጊዜ ቅባቱ ያለቀ ፋን ነው። ጌም ሲከፈት ወይም ቪዲዮ ሲታይ የሚብስ ከሆነ ሙቀት ነው። ፋይል ሲከፈት ብቻ «ቀጭ ቀጭ» ካለ ግን እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እመለስበታለሁ።

ወፍራም ወረቀት እንደ ቱቦ ጠቅልላችሁ አንዱን ጫፍ ጆሯችሁ ላይ፣ ሌላውን ኬዙ ላይ አድርጉና እያዘዋወራችሁ ስሙ። ከላይ ነው? ከፊት ነው? ከኋላ ነው? በዚህች ብቻ ግማሹ ሥራ ያልቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ድምፁ ከኮምፒውተሩ ላይሆንም ይችላል። መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ስታብላይዘሩ ቮልቱን ወደ 220 ለመመለስ ውስጡ ያለው ማብሪያ ይቀያየራል፣ ያኔ «ቀጭ» ይላል። ይህንን ሰምተው ሃርድ ዲስክ ሊገዙ የወጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስም መብራት ሲሄድ ይጮኻል፣ ባትሪው ሲያረጅም ይጮኻል። ስለዚህ ኬዙን ከመክፈታችሁ በፊት ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላችሁ ስሙ።

መምታት

ይህንን የምጽፈው ከልቤ አዝኜ ነው። አጎቴ ቤት ኮምፒውተሩ «ቀጭ... ቀጭ...» ይል ጀመር። ቴሌቪዥኑም ድሮ ሲመታ ይስተካከል ነበርና በመዳፉ ጎኑን ደህና አድርጎ መታው። ድምፁ ቆመ። እኔ ስደርስ «ይኸው ተሻለው» አለኝ፣ ደስ ብሎት። ተዘግቶ ሲከፈት ግን ዊንዶውስ አልገባም። ሃርድ ዲስኩ ሞቷል። የልጁ የምርቃት ፎቶ፣ የአያታችን የመጨረሻ ዓመት ቪዲዮ፣ የጥምቀት ዕለት ፋሲለደስ መዋኛ ላይ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የተነሣው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ሌላ ቦታ አልተቀመጠም።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ላስረዳ። ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለው ሳህን በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራል። የሚያነበው መርፌ ሳህኑን አይነካውም። ከሳህኑ በላይ በጣም ስስ በሆነ የአየር ሽፋን ላይ ይንሳፈፋል፣ ክፍተቱ ከፀጉር ውፍረት በሺዎች ጊዜ ያነሰ ነው። በዚያ ሰዓት ስትመቱት መርፌው ሳህኑን ይቧጥጠዋል። የተቧጠጠው ደግሞ ፎቶው የተጻፈበት ነው።

ስለዚህ አባት አጎት ሊመታ እጁን ሲያነሣ ካያችሁ አትፈሩ፣ በትሕትና እጁን ያዙ። «ጋሼ፣ ቆይ አይምቱት፣ ውስጡ ያለው ይጠፋል» በሏቸው።

«ቀጭ ቀጭ» እያለ መሥራቱን መቀጠል

ከሁሉም የከፋው ይሄኛው ነው። ፋን ቢበላሽ ጥቂት ብር አውጥታችሁ ሌላ ትገዛላችሁ። ሃርድ ዲስክ ላይ ያለው ግን ከገበያ አይገዛም።

ድምፁ በየሰከንዱ የሚደጋገም ደረቅ «ቀጭ» ከሆነ፣ ወይም ኮምፒውተሩ ፋይል ለመክፈት ሲሞክር ተንገጫግጮ ደርቆ የሚቀር ከሆነ፣ አሁን የያዛችሁትን አቁሙ። ፊልም አትዩ። ኮምፒውተሩን ደጋግማችሁ አጥፍታችሁ አታብሩ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ማብራት ለታመመው ዲስክ ከአልጋው እንደገና መነሣት ነው። ዲስክ የሚፈትሽና የሚያስተካክል ፕሮግራምም አታስነሡ፣ ሰዓታት ሙሉ እያስሮጠ ይጨርሰዋል።

አሁንም ከተከፈተ መጀመሪያ የማይተካውን ገልብጡ። ፎቶ፣ ሰነድ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ። ፊልሙና ዘፈኑ ይቅር፣ ሌላ ቦታ ይገኛል። ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ከገለበጣችሁ በኋላ ነው «ምን ሆነ?» የሚባለው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ዲስኩ ስለ ራሱ የመዘገበውን የጤና ሁኔታ ያሳያችኋል። ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየ ዲስኩ ይቀየር። «ደህና ነው» ቢልም ድምፁ ካልቆመ ጆሯችሁን እመኑ።

ጨርሶ ካልተከፈተ ደግሞ ቤት ውስጥ ዲስኩን አትክፈቱት። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው ያወጡም አሉ፤ ሲወጣ እርጥበት ይይዛል፣ ይበልጥ ይበላሻል። አጥፉትና ዳታ የሚያወጣ ባለሙያ እስኪገኝ እንዳለ ይቀመጥ።

ፎርማት ማድረግ

እኛ ጋ ለሁሉም በሽታ መድኃኒቱ «ፎርማት»፣ ማለትም ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ሆኗል። ፎርማት የደረቀ ፋን አያለሰልስም። እርግጥ ነው፣ ቫይረስ ወይም ከበስተጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን አስጨንቆ ፋኑን ሊያስጮኽ ይችላል። ግን ይህ በአንድ ደቂቃ ይታወቃል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ምንም ሳትሠሩ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ ማለት ነው) የሚለው ከ80 በመቶ በላይ ከቆየ የሚያስጨንቀውን ፕሮግራም ፈልጉ። ዝቅ ብሎ እያለ ፋኑ የሚጮኽ ከሆነ ችግሩ ከአቧራ ወይም ከፋኑ ነው፣ ዊንዶውስን አትንኩት።

በአፍ መንፋት፣ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ

አቧራ እውነተኛ ጠላት ነው፣ በተለይ በበጋ። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፣ ሳሳ ያለ አየር ደግሞ ሙቀት የመውሰድ ጉልበቱ ያነሰ ነው። የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ በአቧራ ከተደፈነ ፋኑ ሳይሮጥ አይበቃውም።

ግን በአፋችሁ አትንፉት፣ ምራቅ ይገባል። ሶኬቱን ንቀሉ፣ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑት፣ ኬዙን ወደ በረንዳ አውጡት። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽና አየር የሚነፋ የእጅ ብሎወር ይበቃል። ብሎወር ስትጠቀሙ ፋኑን በእርሳስ ያዙት። ፋኑ በአየሩ ኃይል ካለልክ ከተሽከረከረ መሽከርከሪያው ይጎዳል፣ ኤሌክትሪክም ሁሉም ክፍል ወደሚሰካበት ትልቁ ሰሌዳ፣ ወደ ማዘርቦርዱ ሊልክ ይችላል።

ጭሱንም አትርሱ። ቡና በቀን ሦስት ጊዜ በሚፈላበት ሳሎን፣ ዕጣኑና የሚቆላው ቡና ጭስ ፋኑ ላይ ተጣብቆ አቧራውን እንደ ሙጫ ይይዘዋል። እንዲህ ያለው በብሎወር አይለቅም፣ በብሩሽ ቀስ ተብሎ ነው የሚነሣው። ቡናው ይቅር አልልም፣ እግዜር ይጠብቀኝ! ኮምፒውተሩን ከረከቦቱና ከጭሱ ራቅ አድርጉት።

የምግብ ዘይት ጠብ ማድረግ

ፋኑ ሲጮኽ ከኩሽና ዘይት አምጥቶ ጠብ የሚያደርግ አለ። ለሁለት ቀን ዝም ይላል። ከዚያ ዘይቱ ይደርቃል፣ አቧራ ያቦካል፣ ፋኑ ጭራሽ ይቆማል። ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ ለጊዜው ይረዳል፣ እሱም ተለጣፊው ሥር መሽከርከሪያው የሚታይ ከሆነ ነው። መፍትሔው ግን መቀየር ነው። ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ስፋቱ ብዙ ጊዜ 80፣ 92 ወይም 120 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሽቦው ጫፍም ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ቀዳዳ ይሆናል።

የፋኑን ሽቦ መንቀል

ጩኸቱ ስለሰለቻቸው የፕሮሰሰሩን ፋን የሚነቅሉ አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። ፕሮሰሰሩ ወደ 90 ወይም 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ይዘገያል፣ ከዚያ በድንገት ይጠፋል። በየቀኑ እንዲህ ካደረጋችሁት ዕድሜው ያጥራል።

ፓወር ሳፕላይ መክፈት

እዚህ ላይ አጭር ልሁን። ድምፁ ከፓወር ሳፕላዩ ከሆነ አትክፈቱት። ሶኬቱ ተነቅሎም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሊገድል የሚችል ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። ሙሉውን ቀይሩት። በነገራችን ላይ፣ ማውሱን ስታንቀሳቅሱ ወይም ጌም ስትከፍቱ ብቻ የሚሰማ ቀጭን ፉጨት ካለ ከኤሌክትሪክ ጥቅሎቹ የሚወጣ ነው። ጆሮ ይረብሻል እንጂ አይጎዳም።

በዳንቴል ሸፍኖ ማስቀመጥ

እናቶቻችን ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር በዳንቴል ማልበስ ይወዳሉ፣ ቤት ያምርበታል። ሲጠፋ ይልበስ፣ ችግር የለውም፣ አቧራም ይከላከላል። ሲበራ ግን ከላዩም ከጀርባውም ይነሣ። ቁም ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ፣ ወይም ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ከግድግዳ የተጣበቀ ኬዝም ትኩስ አየር መልሶ ይጠጣል። ከኋላው አንድ ስንዝር ክፍተት ይኑረው።

ሲከፈት የሚሰማውን ጢጥታ አለመቁጠር

ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ «ጢጥ ጢጥ» ካለ ማዘርቦርዱ ችግሩን እየነገራችሁ ነው። ስንት ጊዜ እንደጮኸ፣ የቱ ረጅም የቱ አጭር እንደሆነ ጻፉት። ትርጉሙ ከማዘርቦርድ ማዘርቦርድ ይለያያል፣ ግን ብዙ ጊዜ ራሙ (ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው የጊዜያዊ ማስታወሻ ካርድ) ከቦታው ላላ ብሎ ነው። ሶኬት ነቅላችሁ፣ ራሙን አውጥታችሁ፣ እስኪቆለፍ ተጭናችሁ መልሱት። ብዙ ቤት በዚህ ተስተካክሏል።

ዝም ብሎ ጥገና ቤት መውሰድ

ጥገና ቤት ስትደርሱ ኮምፒውተሩ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ልክ ሐኪም ቤት ስንገባ እንደሚለቀን ራስ ምታት። ስለዚህ ቤታችሁ ሳላችሁ ድምፁን በስልክ ቅዱት፣ ሲጮኽ ምን እያደረጋችሁ እንደነበርም ለባለሙያው ንገሩት። ፎቷችሁንና ሰነዳችሁን ገልብጣችሁ ብቻ አስረክቡ። «ሳትነግረኝ ፎርማት እንዳታደርግ» በሉ፣ ፋን ወይም ዲስክ ከተቀየረ አሮጌውን ጠይቃችሁ ውሰዱ። እማማ ዘንድሮ ይህን ሁሉ አድርገው ሄዱና የተቀየረላቸውን አሮጌ ፋን በፌስታል ይዘው መጥተው አሳዩኝ። ክንፉ ላይ የተጋገረው አቧራና ጭስ የጣት ጥፍር ያህል ይወፍራል።